መልስ፦ ለኩዌስት (እጅን በካሜራ ለሚከታተለው የምናባዊ ዓለም መነጽር) በምሠራው ፕሮግራም ውስጥ በጣት ቆንጥጬ የማስቀምጠው ምናባዊ ወንበር ስለቀው ለምን ቦታውን ይስታል?

ጣቶችህን ለመልቀቅ ስትከፍት እጅህም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ፕሮግራሙ ያቺን የመጨረሻ እንቅስቃሴ እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ወንበሩን ይገፋዋል።

1. የእጁን አቀማመጥ ለአጭር ጊዜ መዝግበህ ያዝ። መልቀቁ ሲታወቅ የአሁኑን ትተህ ከ100 ሚሊሰከንድ ገደማ በፊት የነበረውን ተጠቀም። ቁጥሩን እየሞከርክ አስተካክለው።

2. የመያዣና የመልቀቂያ ርቀቱ አንድ አይሁን። ለምሳሌ ጣቶቹ 1.5 ሴንቲሜትር ሲቀራረቡ ይያዝ፣ 3 ሲራራቁ ይለቀቅ። ለሁለቱም አንድ ቁጥር ከሰጠህ የካሜራው ንባብ ትንሽ በዋዠቀ ቁጥር ዕቃው ከእጅ ያመልጣል።

3. ወንበር ስለሆነ ወለሉ ላይ ራሱ ይቀመጥ። በየአቅጣጫው እንዲገለባበጥ መፍቀድ ሰውን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም።

ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ለአንድ ደቂቃ ስትሞክረው ሁሉም ነገር ጥሩ ይመስላል። ሰው ግን ክንዱን አንስቶ ሲቆይ ትከሻው ይዝላል፣ እጁም መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ያኔ ያስተካከልከው ሁሉ መልሶ ይበላሻል። ስለዚህ ሜኑውን ዓይን ፊት አትስቀለው፣ ወደ ወገብ ዝቅ አድርገው። ሩቅ ያለውን ዕቃም ክርኑን ጭኑ ላይ እንዳሳረፈ መጎተት ይቻለው። ለሙከራ ደግሞ ቁጭ ብለው የሚሠሩ ሰዎችን ጭምር ጥራ።