«1 ካራት» ብቻ ሰምተህ እንዳትከፍል

ወንድሜ፣ «ቨርጂኒያ ያለ ሱቅ 1 ካራት፣ ጥራቱ ቪኤስ1፣ ቀለሙ ጂ ነው ያለኝን የአልማዝ ቀለበት በቅናሽ ልግዛው?» ላልከው፣ ገና ነህ። ዋናውን ነገር፣ አቆራረጡን፣ አልነገሩህም።

1. ካራት፦ እኛ የለመድነው የወርቁ 18 እና 21 ካራት የንጽሕና ልክ ነው። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም። መሃል ያለው ፈርጥ ብቻውን ነው 1 ካራት ወይስ ከዙሪያዎቹ ደቃቆች ጋር ተደምሮ? ተደምሮ ከሆነ ዋጋው በጣም መውረድ አለበት፤ ትልቅ ድንጋይ ብርቅ ስለሆነ የካራቱ ሂሳብ ራሱ ከመጠኑ ጋር ይወጣል። ካልጠየቅህ ብዙው ሻጭ አያነሳውም።

2. አቆራረጥ፦ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው። በደንብ የተቆረጠ ክብ 1 ካራት ዳር እስከ ዳር 6.4 እስከ 6.5 ሚሊሜትር ይሆናል። 6.1 ከሆነ ክብደቱ ሆዱ ውስጥ፣ ማለትም ከታች በኩል፣ ተደብቋል፤ የ0.85 ያህል የሚታይ ድንጋይ በ1 ካራት ዋጋ ትገዛለህ። ቆራጮች ይህን የሚያደርጉት ዋጋው ልክ 1 ላይ ሲደርስ ስለሚዘል ነው። የድንጋዩ ሰርተፊኬት (ወረቀቱ) ላይ ጥልቀቱን ከወርዱ ከ59 እስከ 62.5 በመቶ፣ ጠፍጣፋውን የላይ ገጽ ከ54 እስከ 58 በመቶ ፈልግ። ሆዱ ከጠለቀ ብርሃኑ በታች ያመልጣል፣ መሃሉም ይጠቁራል። ከሳሳ ደግሞ ውስጡ እንደ ዓሣ ዓይን ግራጫ ክብ ይታያል። የሱቅ መብራት ሁሉንም ያብለጨልጫል፤ መስኮት ዳር ወስደህ እየው። ፊቱን የሚያጠቁር ሻጭ ካጋጠመህ ያጥቁር፣ ብሩ ያንተ ነው።

ቀለምና ጥራት ላይ ግን መቆጠብ ትችላለህ። ቀለም ከዲ (ቀለም አልባ) እስከ ዜድ (ቢጫ የሚል) ይወርዳል፤ ቢጫ ወርቅ ላይ አይ ወይም ጄ ቢሆን ማንም አይለየውም። ጥራት፣ ማለትም የእንከን ማነስ፣ የሚመዘነው በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ስለሆነ ከቪኤስ1 አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ቪኤስ2 ለባዶ ዓይን ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ያለው ደረጃ ኤስአይ1ም ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ጥቁር ነጥብ መሃሉ ላይ ወይም ስንጥቅ ጠርዙ ላይ ካለ ግን ተወው፣ ጠርዙ ሲታሰር ሊሸረፍ ይችላል።

ሱቁ ራሱ የጻፈው ግምት ሰርተፊኬት አይደለም። አልማዝ የሚመዝነው የአሜሪካ ተቋም የጂአይኤ (GIA) ከሆነ ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገባ፤ የድንጋዩ ወገብ (የዙሪያው ቀጭን ጠርዝ) ላይ በሌዘር የተቀረጸ ቁጥር ካለ በአጉሊ መነጽር አመሳክር። መነጽር የማይሰጥ ሱቅ ጥለህ ውጣ።

ቅናሹ ግን ጠርጥር ያሰኛል። ምናልባት ላብራቶሪ ያደገ ነው፤ እሱም እውነተኛ አልማዝ ስለሆነ ሻጩ የሚያስነካው መሞከሪያ እስክሪብቶ አይለየውም፣ ሲሸጥ ግን ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። አልማዝ የሚመስለው ሌላ ድንጋይ፣ ሞይሳናይትም፣ በሙቀት የሚለካውን እስክሪብቶ ያታልላል፤ አዘንብለህ በአጉሊ ብታየው ግን የታች ጠርዞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። ስንጥቁ የተሞላ አልማዝም አለ፤ ቀለበቱ ሲጠብ በሚነካው እሳት ሙሌቱ ይበላሻል። ሦስቱንም በስማቸው ጠይቅና መልሱን ደረሰኙ ላይ ያስጽፉልህ።

ሚሊሜትሩንና የወረቀቱን አውጪ ስም እዚህ ጻፍልን፣ እናየዋለን።