ሳንደር ከመግዛትህ በፊት አቧራው የሚሄድበትን ወስን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ወደ ሱሉልታ መውጫ የቆርቆሮ ቤት ተከራይተሃል፤ የኩሽና ካቢኔ በኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ክርና ሙጫ በተጋገረ ጣውላ)፣ በርና ጠረጴዛ ደግሞ በዋንዛ ልትሠራ ነው፤ ያለህ መብራት ነጠላ ፌዝ ነው። ስለ እንጨት ማለስለሻው ማሽን፣ ስለ ሳንደር፣ «ቤልት ሳንደር ልግዛ ወይስ ኦርቢታል? አቧራ መሳቢያውስ ሥራው ሲደራ ቢገዛ ምን አለበት?» ብለሃል። ጎረቤት ከወዲሁ ማጉረምረም መጀመሩንም ጠቅሰሃል።

በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ በቀጥታ ልንገርህ። ሳንደርና አቧራ መሳቢያ አንድ ግዢ ናቸው። ለማለስለሻ ከመደብከው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ለመሳቢያው ካልተረፈ፣ የሳንደሩን ደረጃ ዝቅ አድርግ እንጂ መሳቢያውን ለሌላ ጊዜ አታቆየው።

ከመጋዝና ከመላጊያ የሚወጣው ሰጋቱራ ከበድ ስለሚል አብዛኛው መሬት ላይ ይወድቃል፤ በመጥረጊያ ይነሣል። ከሳንደር የሚወጣው ግን ዱቄት ነው፤ ከዱቄቱም ክፉው ዓይን የማያየው ነው። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነ ብናኝ አፍንጫንና ጉሮሮን አልፎ ይገባል፤ ይበልጥ የደቀቀው ሳንባ ድረስ ይዘልቃል፤ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በዋናነት የሚያጠቃው አፍንጫንና በዙሪያው ያሉትን ክፍተቶች ነው። ኤምዲኤፍ ደግሞ ፎርማልዴሃይድ ባለው ሙጫ የተጋገረ ስለሆነ ዱቄቱ ከእንጨቱ ጋር ያንን ይዞ ይመጣል። በሙያው የቆዩ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ሲያስሉ ሰምተህ ከሆነ፣ ብርዱን ብቻ ተጠያቂ አታድርግ።

ወደ ሳንደሩ ልምጣ። አሁን ለምትሠራው ሥራ 125 ወይም 150 ሚሊ ሜትር ክብ መለጠፊያ (የብርጭቆ ወረቀቱ የሚለጠፍበት ገጽ) ያለው፣ እየዞረ የሚወዛወዝ ኦርቢታል ግዛ። ቤልት ሳንደር፣ የብርጭቆ ወረቀቱ እንደ ቀበቶ የሚዞረው፣ ጉልበተኛ ነው፤ ተገጣጥሞ የተጣበቀ የዋንዛ ገበታ ለማስተካከል ጥሩ ነው። ነገር ግን በኤምዲኤፍ ካቢኔ ላይ ምንም ሥራ የለውም፤ ቬኒየር (ስስ የእንጨት ልባስ) የተለበጠ ገጽ ላይ ከሆነ ደግሞ ሐሳብህን ሰብስበህ ሳትጨርስ ልባሱን በስቶት ይገኛል። ለትልልቅ ገበታዎች ሰፊ ማሽን ላለው ቤት ከፍለህ ማስላግ ትችላለህ፤ ቤልቱን ትርፍ ስታገኝ ትገዛዋለህ።

ኦርቢታል ስትመርጥ ዋት አይሸውድህ። የምታየው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የውዝዋዜው ስፋት፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ለማጠናቀቂያ፣ 5 ሚሊ ሜትር ለመፋቅ ነው፤ ለአንተ የመጀመሪያው ይሻላል። ሁለተኛ፣ የአቧራ መውጫው ቱቦ ይቀበላል ወይስ ትንሿን ከረጢት ብቻ? ከማሽኑ ጋር የምትመጣው ከረጢት የደቀቀውን ብናኝ መልሳ ትተፋዋለች። ሦስተኛ፣ የመለጠፊያው ቀዳዳዎች አቀማመጥ ገበያ ላይ በሰፊው ከሚገኘው የብርጭቆ ወረቀት ጋር መግጠም አለበት። ቀዳዳው ካልገጠመ የፈለገውን ያህል ኃይለኛ መሳቢያ ብታስር አቧራው መንገድ የለውም፤ ወረቀቱም ቶሎ ይደፈናል። በተለይ ጥድ ሙጫ ስላለው ወረቀት ይበላል። መለጠፊያው ራሱ የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ መለወጫው መኖሩን ሻጩን ጠይቅና አሳየኝ በለው።

አጠቃቀሙም አቧራውን ይወስናል። ለዋንዛ ከብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80 ወይም ከ100 ጀምረህ 120፣ ከዚያ 180፤ ደረጃ አትዝለል። ቫርኒሽ ከመቀባትህ በፊት 180 ላይ ቁም፤ 240 በቅቦች መካከል ነው። የኤምዲኤፍ ገጽ ከፋብሪካው ለስልሶ የወጣ ስለሆነ አትፋቀው፤ ሥራው ያለው የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ነው። ማሽኑን አትጫነው፤ የራሱ ክብደት ይበቃዋል።

አሁን መሳቢያ። እዚህ ላይ ሰው የሚምታታው ሁለት ዓይነት ስላለ ነው። ቫኪዩም የሚባለው ጠባብ ቱቦ ያለው፣ የመሳብ ጉልበቱ ብርቱ የሆነ፣ የሚያንቀሳቅሰው አየር ግን ጥቂት ነው፤ ለእጅ ማሽኖች የተሠራ ነው። ሰፊ ቱቦና ከረጢት ያለው ትልቁ መሳቢያ ደግሞ ብዙ አየር ይነዳል፣ የመሳብ ጉልበቱ ግን ደካማ ነው፤ ለመላጊያና ለጠረጴዛ መጋዝ ነው። ትልቁን ከሳንደር ጋር ብታስረው በጠባቡ ቀዳዳ ይታፈናል፤ ቫኪዩሙን ከመላጊያ ጋር ብታስረው ወዲያው ይሞላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቫኪዩም ከሳንደሩ ጋር፣ መላጊያ ስትገዛ ደግሞ ትልቁን።

ትልቁን ለመምረጥ አንድ ስሌት ያዝ። ሰጋቱራ ቱቦ ውስጥ ሳይተኛ እንዲጓዝ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መፍጠን አለበት። ለ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይህ በሰዓት 565 ሜትር ኩብ ያህል አየር ነው፤ ለ150 ሚሊ ሜትር ደግሞ 1,270 ገደማ። በካታሎግ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ምንም ቱቦ ሳይታሰር የተለካ ነው። የእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ አንተ ያለህበት ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው የሚነዳው መጠን ባይቀንስም የመሳብ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። ሞተሮችም በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ስለሚሠሩ በሳሳ አየር ማቀዝቀዣቸው ይደክማል። ስለዚህ ከሚበቃህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰድ፣ ቱቦውንም አሳጥር። ለቀጥታው መስመር ለስላሳ የፒቪሲ ቱቦ ተጠቀም፤ የተጨማደደው ቱቦ ማሽኑ ጋ ለመድረስ ብቻ ይሁን። በአንድ የ90 ዲግሪ ማጠፊያ ፈንታ ሁለት የ45 ዲግሪ ማጠፊያ አገናኝ።

ከመሳቢያው በፊት ሳይክሎን አድርግ። አየሩን አሽከርክሮ ከባዱን ከታች ወዳለው በርሜል የሚጥል ሾጣጣ ነው፤ ከላሜራ የሚሠራልህ ባለሙያ አታጣም፤ በርሜሉን ምናለሽ ተራ ታገኛለህ። ክዳኑ በትንሹም ቢሆን አየር ካስገባ ሥራው ከንቱ ነው፤ በጎማ አጥብቀው። ከቫኪዩም ጋር የምታስረው ከሆነ ስስ ፕላስቲክ በርሜል ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፤ ብረት ይሁን።

በረዶ ባለባቸው አገሮች የሞቀውን አየር ላለማባከን አጣርተው ወደ ቤት ይመልሱታል። ማጣሪያ ላይ ብዙ የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ማሞቂያ የለንም፤ ስለዚህ ትልቁን መሳቢያ ከነከረጢቱ ከቤት ውጭ፣ ከኋላ ጥላ ሠርተህ አስቀምጠው። ርካሹ ከረጢት የሚያስተላልፈው ብናኝ ሳንባህ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን ጎረቤት አለህ። ጥላውን ዙሪያውን ዝጋው፤ አየሩ በወፍራም ጨርቅ በኩል ይውጣ፤ ፊቱ ልብስ ወደሚሰጣበት ግቢ አይሁን። አቤቱታው ወደ ወረዳ ሳይደርስ በፊት ሄደህ አሳያቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሃለሁ። ብዙ ቦታ ብረትና እንጨት በአንድ ጣራ ሥር ይሠራል። የደቀቀ የእንጨት ዱቄት አየር ላይ ሲበተን በአንዲት ፍንጣሪ ይፈነዳል፤ በርሜል ውስጥ የገባች ፍንጣሪም ውስጥ ውስጡን ስትጨስ አድራ ሌሊት ቤቱን ታነዳለች። ብየዳና ግራይንደር በዚያ ቤት ውስጥ አይኑር፤ ከጎንህ የሚበይድ ካለ ግድግዳ ይለያችሁ። በርሜሉን በየምሽቱ አራግፍ። የፕላስቲክ ቱቦውን በባዶ የመዳብ ሽቦ ጠምጥመህ ከመሬት ሽቦ ጋር አገናኘው። ዘይት የነካው ጨርቅም ተጨብጦ ከተጣለ ራሱን ስለሚያቀጣጥል ዘርግተህ አድርቀው።

ለመብራቱ፣ 1.5 ኪሎ ዋት መሳቢያ በ220 ቮልት ከ7 እስከ 10 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ። ለብቻው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ማቋረጫ ይኑረው። ምሽት ላይ ኃይል ሲወርድ ሞተሩ ሲያጉረመርም ከሰማህ ወዲያው አጥፋው።

ጭምብል ደግሞ መሳቢያ ቢኖርም አይቀርም፤ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ይሁን፤ የሐኪም ቤቱ ስስ ጭምብል አይጠቅምም። ጢም ካለህ ከፊትህ ጋር አይገጥምምና አስብበት። ልብስህን በኮምፕረሰር አታራግፍ። ሰጋቱራውን ለዶሮ እርባታ የሚወስዱ ሰዎች ይመጣሉ፤ የዋንዛውን ስጣቸው፤ የኤምዲኤፉን ግን ለይተህ አስቀምጥ፤ ለዶሮም ለምድጃም አይሆንም።

የቤቱን ርዝመትና ስፋት፣ በሩና መስኮቱ ያሉበትን፣ ነፋሱ በአብዛኛው ከየት እንደሚመጣ ጻፍልኝ፤ የቱቦውን መስመር ሥዬ እልክልሃለሁ።