አላስካ ስትሄዱ አንድ መንገድ ይበቃችኋል

ባለፈው ወር በዚህ አምድ «ስለ ሩቅ ሰሜን አገሮች የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ስለ ኖርዌይ ወይም ስለ ካናዳ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አብዛኛው ደብዳቤ አላስካ ላይ አረፈ። ደስ ብሎኛል። ወንድሜ እዚያ ስለሚኖር ሁለት ክረምት ከእሱ ጋር አሳልፌያለሁ፤ አገሩን ወድጄዋለሁ። የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ የአላስካ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ታላቅ እህቴ አላስካ፣ አንኮሬጅ ከተማ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። እናታችንን ይዤ በሰኔ መጨረሻ ለሦስት ሳምንት እንድመጣ ትኬት ልካልናለች፤ ቪዛውም ተመቷል። እማዬ 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። እህቴ የላከችው ዝርዝር ግን 14 ቦታ አለው። ሁሉንም ማዳረስ ይቻላል? ካልተቻለስ የቱን ይዘን የቱን እንተው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይቻልም። ዝርዝሩን አንድ በአንድ አየሁት፤ አሥራ አራቱም የሚያጓጉ ናቸው። ግን ሁሉንም እናዳርስ ብትሉ ሦስቱ ሳምንት በኤርፖርትና በመኪና መስኮት ያልቃል፣ እማዬም ትደክማለች።

መጀመሪያ ስፋቱን ልንገርሽ። ኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከአሜሪካ ግዛቶች አንዱ የሆነው አላስካ ብቻውን 1.7 ሚሊዮን ነው። በዚያ ሁሉ መሬት ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቆጠረው ሕዝብ 733 ሺህ ነበር፤ የአዲስ አበባን ሩብ እንኳ አይሞላም። ከአገሩ አብዛኛው መንገድ የሚባል ነገር የለውም። ዋና ከተማው ጁኖ ራሱ ከሌላው ከተማ ጋር የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ስለሌለው የሚገባው በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ነው። ስለዚህ ጁኖን አሁኑኑ ሰርዢ። የድቦቹን ፓርክ ካትማይንም ሰርዢ፣ እያዘንኩ ነው የምልሽ። በሐምሌ ድቦቹ ብሩክስ ፏፏቴ አናት ላይ ቆመው ሽቅብ የሚዘለውን ሳልሞን በአፋቸው ሲቀልቡት ማየት ትልቅ ነገር ነው። ግን ከአንኮሬጅ በአንድ አውሮፕላን ሄደሽ ከዚያ ውሃ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን መያዝ አለብሽ፣ ዋጋውም አይቀመስም። ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

የእኔ ምክር አንድ መስመር ያዙ ነው። በደቡብ ካለችው የወደብ ከተማ ከሲዋርድ ተነስቶ በአንኮሬጅና በዴናሊ ፓርክ አድርጎ ፌርባንክስ የሚደርሰው መስመር። ባቡሩም የመኪናው መንገድም በዚያው አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። የባቡሩ ሐዲድ 756 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእኛ ፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነስተሽ ጅቡቲ እንደ መድረስ ቁጠሪው። አላስካ የሚባለው ነገር፣ ባሕሩም፣ የበረዶ ግግሩም፣ ትልቁም ተራራ፣ እንስሳቱም፣ ፍል ውሃውም፣ በዚሁ መስመር ላይ አለ።

በደቡቡ ጀምሩ። ከአንኮሬጅ ሲዋርድ 204 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከእኛ አዋሽ ሰባት ኪሎ ያህል ማለት ነው። መንገዱ በአንድ በኩል ገደል በሌላ በኩል የባሕር ክንድ ይዞ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ነጫጭ የቤሉጋ ዓሣ ነባሪዎች ጀርባቸውን ብቅ ሲያደርጉ ይታያሉ። ስለዚህ አትቸኩሉ፣ ማቆሚያ ባገኛችሁበት ሁሉ ቁሙ።

ሲዋርድ አጠገብ ኤግዚት የሚባል የበረዶ ግግር አለ። ከኬናይ ፊዮርድስ ብሔራዊ ፓርክ በመኪና የሚደረስበት ክፍል ይህ ብቻ ነው። ከመኪና ማቆሚያው የሚነሳው የመጀመሪያው የእግር መንገድ ሜዳ ነው፤ እማዬም ቀስ እያለች ትሄደዋለች። እኔን እስከ ዛሬ የማይለቀኝ በረዶው ብቻ አይደለም። በመግቢያው መንገድና በእግር መንገዱ ዳር በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመት የተጻፈባቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ቆመዋል። 1917። 1926። 1951። በዚያ ዓመት የበረዶው ጫፍ እዚያ ነበር ማለት ነው። 1917 የሚለው ጋ ዛፉ ከላይ ገጥሞ ጥላ ሠርቷል። ወደፊት በሄድሽ ቁጥር ዛፉ እያጠረ ቁጥቋጦ ይሆናል፣ ከዚያ ግራጫ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ይቀራል። 2010 የሚለውን አልፌ ቀና ስል በረዶው ገና ወደ ላይ ርቆ፣ ዳገቱ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። ከ2010 ወዲህ ያለውን ርቀት በራሴ እግር ነው የለካሁት። የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ከዚያ በፊት በወሬ ነበር የማውቀው።

በማግስቱ በጀልባ ውጡ። ሙሉ ቀን የሚፈጀውን ያዙ፣ ግማሽ ቀን የሚሄዱት ባሕር ድረስ የወረዱት ግግሮች ጋ አይደርሱም። ጀልባው ከበረዶው ግድግዳ ፊት ለፊት ሞተሩን አጥፍቶ ሲቆም ሁሉም ሰው ዝም ይላል። ቤት የሚያህል በረዶ ተሰንጥቆ ሲወርድ መጀመሪያ መውደቁን ታያለሽ፣ ነጎድጓድ የሚመስለው ድምፁ ግን ቆየት ብሎ ነው የሚደርስሽ። ከዚያ ማዕበሉ መጥቶ ጀልባውን ያወዛውዘዋል። ለእማዬ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመሳፈሯ በፊት ስጫት፤ ከጀመራት በኋላ ብትውጠው ብዙም አይረዳትም።

ከዚያ ወደ ሰሜን። ከአንኮሬጅ ዴናሊ ፓርክ መግቢያ 381 ኪሎ ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ እንደ መሄድ። ይህን በባቡር አድርጉት፤ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ጣሪያው መስታወት የሆነ ፉርጎም አለው። መሃል ላይ ታልኪትና የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከእሷ የሚነሳ ሌላ የአካባቢ ባቡር ደግሞ በእነሱ በጋ መንገድ በሌለው ጫካ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ጎጆ ያለው ሰው ሐዲዱ ዳር ቆሞ እጁን ካውለበለበ ባቡሩ ይቆምለታል። እኛ ታክሲ እንደምናስቆመው። አንድ ሽማግሌ ከውሻቸውና ከአንድ ጆንያ ዱቄት ጋር ወርደው ጫካው ውስጥ ሲገቡ አይቻለሁ፤ በዓይኔ እስከ መጨረሻው ተከተልኳቸው።

ዴናሊ ተራራ 6,190 ሜትር ነው። የእኛ ራስ ዳሸን 4,550 ገደማ ነው። ስሙ ከአካባቢው የኮዩኮን ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «ከፍ ያለው» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ተራራውን ማኪንሊ ወደሚለው ስም ስለመለሰው ካርታ ላይ ሁለቱንም ታገኛላችሁ፤ ፓርኩ ግን ዴናሊ እንደተባለ ነው። አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ጫፉን ላታዩት ትችላላችሁ። ደመናው እየሸፈነው ከሚሄደው ሰው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው የሚያየው ይባላል። ስለዚህ እዚያ ቢያንስ ሦስት ሌሊት እደሩ። አንድ ሌሊት አድሮ ሳያይ የተመለሰ ሰው ብዙ አውቃለሁ።

ፓርኩ ከጅቡቲ አገር ትንሽ ይሰፋል፤ ያለው መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው፣ 148 ኪሎ ሜትር። የግል መኪና የሚፈቀድለት የመጀመሪያውን 24 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ በፓርኩ አውቶቡስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መሬቱ ተንሸራቶ መንገዱ ግማሽ ላይ ተቆርጧል፤ ድልድይ መሥራት ተጀምሯል። አውቶቡሱ እስከ የት እንደሚሄድ ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። እስከ ግማሹም ቢሆን በቂ ነው። ድብ፣ ካሪቡ የሚሉት አጋዘን፣ ሙስ የሚሉት ግዙፍ የአጋዘን ዘመድ፣ ዕድል ካላችሁ ተኩላ ይታያል። ገደሉ ላይ ነጭ ነጥብ መስለው የሚታዩት ዳል የተባሉ የዱር በጎች ናቸው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1917 የተቋቋመው እነሱን ከአዳኝ ለማዳን ነበር፤ ስሜን ላይ በዋልያው የሆነው ዓይነት ነው። እማዬን በመስኮቱ በኩል አስቀምጫት።

መጨረሻው ፌርባንክስ ነው። ከተማው ራሱ ብዙም አይደለም። ከእሱ 97 ኪሎ ሜትር ርቆ ግን ቼና የሚባል ፍል ውሃ አለ፣ ውጭ በድንጋይ የተከበበ ኩሬ። ሶደሬንና ወሊሶን ለሚያውቅ ሰው ይህ አይነገርም። ለእማዬ ጉልበት ሁለት ቀን እዚያ ያዙላት።

አንድ ነገር ደግሞ ከዝርዝሩ ውጭ ልጨምርልሽ። ከአንኮሬጅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚህ ሰንዳፋ እንደ መሄድ፣ ኤክሉትና የምትባል መንደር አለች። የሩሲያ ኦርቶዶክስ የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን አለባት። አላስካ እስከ እ.ኤ.አ. 1867 የሩሲያ ነበር፤ በዚያ ዓመት አሜሪካ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ገዛችው፤ ሃይማኖቱ ግን ከአገሬው ተወላጅ ጋር ቀረ። መቃብሮቹ ላይ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ተሠርተው በየቤተሰቡ ቀለም ተቀብተዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው ከእኛ የተለየች ብትሆንም እዚያ ያሉት ኦርቶዶክሶች ገናን የሚያከብሩት እንደ እኛ በታኅሣሥ 29 ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል።

ልብስ በተመለከተ፣ ሐምሌ ላይ ለገጣፎ የምትለብሱት ጃኬትና ጫማ ይበቃል፤ የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ቢሆንም ብርዱ ተቀራራቢ ነው። የዓይን መሸፈኛ ያዙ። በዚያ ሰሞን አንኮሬጅ ላይ ቀኑ 19 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጀንበር የምትጠልቀው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ትንኙ ብዙ ነው፣ ወባ ግን የለም። ለእህትሽ በርበሬና ሽሮ ውሰጂላት፤ ኤርፖርት ላይ ምግብ መያዝሽን ተናገሪ። ቋንጣ ግን አትያዢ፣ ሥጋ አያስገቡም።

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ ነኝ። በሐምሌ ለሥልጠና ፌርባንክስ እሄዳለሁ። ሰማዩ ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ብርሃን አያለሁ አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሐምሌ አታየውም። ብርሃኑ የሚፈጠረው ከፀሐይ የሚመጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከላይኛው አየር ጋር ሲጋጩ ነው፤ አረንጓዴው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ኦክስጅን የሚሰጠው ቀለም ነው። በበጋም ይኖራል፣ ግን ፌርባንክስ በሐምሌ ስለማይጨልም ዓይን አይለየውም። ወቅቱ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ነው። ሥልጠናውን አንድ ወር ተኩል መግፋት ከቻልክ ግፋው።

ጥያቄ፦ ድብ ቢያጋጥመኝ ልሩጥ ወይስ ልቁም? ከሰንዳፋ።

መልስ፦ ከድብ አትሩጡ። ቁሙ፣ በረጋ ድምፅ ተናገሩ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ራቁ። ሙስ ከሆነ ግን ሩጡ፣ ከዛፍ ጀርባ ተሸሸጉ። ሙስ ሣር በል ነው ብላችሁ አትጠጉት፣ ልጅ የያዘች እናት በጣም ትቆጣለች። ጫካ ውስጥ እያወራችሁ ሂዱ፣ ድቡ ቀድሞ ከሰማችሁ ራሱ ይሸሻል። የድብ መከላከያ ስፕሬይ እዚያው ግዙ፣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ሰበታ የምኖር ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አሁን በትርፍ ጊዜዬ የሰፈር ልጆች አስተምራለሁ። አላስካን ሁሉም «ሰው ያልነካው ዱር» ይለዋል። እውነት ሰው አልነበረበትም? ሰው ካለበትስ እንደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ነዋሪ የማስነሳት ጉዳይ አልገጠማቸውም?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህን ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ፤ በየማስታወቂያው የሚያናድደኝ ቃል እሱ ነው። አላስካ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሰው የኖረበት አገር ነው። አታባስካን፣ ኢኑፒያት፣ ዩፒክ፣ ትሊንጊት፣ ሌሎችም። አንድ ጎብኚ ባዶ ነው የሚለው ሸለቆ ለእነሱ ስም ያለው፣ ካሪቡ በየትኛው ወር በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቁት ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሕግ ከ400 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ መሬት በአንድ ጊዜ ጥበቃ ውስጥ አስገባ። ትልቁ ፓርክ ራንግል ሴንት ኢላያስ ብቻውን 53 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ሕጉ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ በገጠሩ የሚኖረው ሰው በአብዛኞቹ አዳዲስ ፓርኮች ውስጥ ለቀለቡ ማደንና ማጥመድ እንዲቀጥል ፈቀደ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም፤ ስንት ይታደን፣ ማን ይፈቀድለት እየተባለ በየዓመቱ ይነሳል።

የእኛ ስሜን ሌላ መንገድ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ በ2016 የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፣ በ2017 ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ሣሩ አገግሟል። ለዘመናት የኖሩበትን ደጋ ለቀው የወጡት ቤተሰቦች ግን ዋጋ ከፍለዋል፤ ይህን ሳልጠቅስ ስለ ስሜን ውበት መጻፍ አልወድም። ሁለቱ አገሮች በሕዝብ ብዛት አይገናኙም፣ መሬታቸው የሚሸከመው ጫናም ለየቅል ነው፤ ስለዚህ የእነሱን ሕግ እንዳለ እናምጣው አልልም።

ለልጆቹ ካርታ ሲዘረጉ ጌትስ ኦፍ ዘ አርክቲክ የሚባለውን ፓርክ ያሳዩልኝ። ከሰሜን ዋልታ ክበብ በላይ ነው፤ አንድም የመኪና መንገድ፣ አንድም የተጠረገ የእግር መንገድ የለበትም። ከዚያ መሃሉ ላይ አናክቱቩክ ፓስ የምትባለውን መንደር እንዲፈልጉ ያድርጉ። የኑናሚዩት ሰዎች ናቸው የሚኖሩባት፤ ትምህርት ቤት አላት፣ እቃ የሚገባላት በአውሮፕላን ነው፣ ካሪቡ በሸለቆው ሲያልፍ ደግሞ ወጥተው ያድናሉ።