ኤኮው ክራሩን የሚያበላሸው የቱ ጋ ነው?

ጥያቄ፦ ሦስት ሆነን ስምንት ዘፈን ያለው አልበም ቤት ውስጥ እየቀረጽን ነው። ያለን ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና የሰው ድምፅ ነው። የምንፈልገው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ እንግሊዞች ይሠሩት የነበረውን ሳይኬዴሊክ ፎክ (ሕልም መሰል የባህል ሙዚቃ) የሚመስል፣ ኤኮና ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) የበዛበት፣ ተገልብጦ፣ ማለትም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ የሚጫወት ክራርም ያለበት ሥራ ነው። በትዝታ የሠራናቸው አምረዋል። በአንቺሆዬ የሠራናቸው ሁለቱ ግን ክራሩ መቃኛው ላይ ልክ ሆኖ ሳለ ቅኝቱ የተበላሸ ይመስላል። ፈጣኖቹ ችክችካዎች ደግሞ ይምታታሉ። ኤኮውን ስንቀንስ ሁሉም ደረቅ ይሆናል። አንድ አሮጌ የካሴት ቴፕም አለን፤ ይጠቅመናል?

መልስ፦ ክራሩን እንደገና አትቃኙ፤ ጥፋቱ የቅኝት አይደለም። ኤኮ ያለፈውን ኖታ ከአሁኑ ጋር አብሮ ያሰማል። ስለዚህ ኤኮ የገባበት ክራር አንድ በአንድ ቢደረደርም የሚሰማው የኖታ ክምር ነው፤ ክምሩ ማማሩን የሚወስነው ደግሞ ቅኝቱ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ (ትንሹ የኖታ እርከን) ብቻ ያለ ጎረቤታሞች የሉበትም፣ አምስቱም ባንድ ላይ ቢሰሙ ጆሮ አይቆረቁርም። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ዶና ሬ ፍላት፣ ፋና ሶል ፍላት በግማሽ ድምፅ ይጎራበታሉ። ዶ ሳይጠፋ ሬ ፍላት ሲመጣ ይፋጫሉ። የአንቺሆዬ ውበት ያለው እዚያው ጉርብትና ላይ ነው፣ ግን ኖታዎቹ ሲከታተሉ እንጂ ሲደራረቡ አይደለም። አምባሰልና ባቲ ሜጀርም ያው ችግር አለባቸው፤ ባቲ ማይነር የለበትም።

ለማረጋገጥ ደረቁን የክራር ትራክ ዝጉና የኤኮውን ትራክ ብቻ ስሙ። የሚቆረቁረው እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። (ኤኮውን ክራሩ ትራክ ላይ በቀጥታ ጭናችሁት ከሆነ ይህን ማድረግ አትችሉም። ለብቻው ትራክ ስጡትና ክራሩን በሴንድ፣ ማለትም የአንዱን ትራክ ድምፅ ለሌላው በሚያካፍለው መቆጣጠሪያ፣ ላኩለት፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ይፈልጋል።)

በአንቺሆዬና በአምባሰል ፊድባኩን (ኤኮው ስንቴ እንደሚደገም የሚወስነውን) ወደ 10 ወይም 15 በመቶ አውርዱት፤ ኤኮው አንዴ ብቻ ተሰምቶ ይጥፋ። ሪቨርቡም ከ1 ሰከንድ ብዙ አይለፍ። በትዝታ ፊድባክ 45 በመቶ፣ ሪቨርብ 3 ሰከንድ ቢሆን ችግር የለውም። በአንቺሆዬ ረጅም ኤኮ የግድ ካማራችሁ ሴንዱን ዘግታችሁ ያዙና የሐረጉ መዝጊያ ኖታ ላይ ብቻ ክፈቱት፣ ቀጣዩ ሐረግ ሳይጀምር ዝጉት። በእጅ ፋደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) ላይ ሆኖ መሥራት ኮምፒውተሩ ላይ መስመር ከመሳል ይሻላል፣ ጆሮ ቶሎ ይማረዋል። ክራር ተጫዋቹም ያግዛችሁ፤ የማይፈለጉትን ክሮች በግራ እጅ ጣቶቹ ካላፈናቸው ክራሩ ራሱ ያለ ኤኮ ይደራረባል። በመምቻ በኃይል የሚመታ ክራር ላይ ደግሞ የታፈኑት ክሮች ቀጭን ኳኳታ ያወጣሉ፣ ኤኮው ያንን ያባዛዋል። ስለዚህ ረጅሙን ኤኮ በጣት ለሚደረደረው አስቀሩት።

የችክችካው ጣጣ የሒሳብ ነው። ችክችካ ውስጥ አንዱ ትልቅ ምት ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉት፤ ኤኮው ግን ብዙ ጊዜ ምቱን ለሁለትና ለአራት በሚከፍል ልክ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ትልቁ ምት በደቂቃ 100 ከሆነ ርዝመቱ 600 ሚሊሰከንድ ነው፣ ትንሹ 200። ኤኮውን 400 ወይም 600 ላይ አድርጉት። 300 ላይ ካረፈ በሁለተኛውና በሦስተኛው ትንሽ ምት መካከል ይገባና ከበሮው የተሳሳተ ያስመስለዋል። ለሌላ ፍጥነት 60,000ን በምቱ ቁጥር አካፍሉ፣ ውጤቱን ለ3። ያለ ክሊክ (ምት ቆጣሪ ድምፅ) ከቀረጻችሁ ደግሞ አንድ ቁጥር ለሙሉ ዘፈን አይበቃም፤ 100 ላይ ጀምሮ 105 ላይ የጨረሰ ዘፈን ምቱ ወደ 571 ወርዷል፣ መጨረሻው ላይ ኤኮው መዘግየቱ ይሰማል። ዘፈኑን በክፍል ከፍላችሁ ለየክፍሉ ስጡት።

ድርቀቱ ከኤኮ ማነስ አይመስለንም፤ ማይኩ በጣም ቀርቦ ይሆናል። ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር አርቁትና ወደ ድምፅ ሳጥኑ መሐል ሳይሆን ጣቶቹ ክሩን ወደሚነኩበት አዙሩት። መሐሉ ላይ ሲያነጣጥር የሚያጉረመርመው ወፍራም ድምፅ ኤኮው ውስጥ ገብቶ ነው ጭቃ የሚሆነው። ሲቀረጽ የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ መለኪያው ላይ ከ-12 ዴሲቤል አይለፍ። ሁለተኛ ማይክ ካላችሁ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ አድርጋችሁ ክፍሉን ቅረጹበት። ኤኮው ትራክ ላይ ከ250 ኸርዝ በታችና ከ4,000 በላይ ያለውን ቁረጡ፤ ያኔ ኤኮው ከክራሩ ኋላ ይቆማል። ለዘፋኙ ሪቨርቡ ከ60 እስከ 80 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይጀምር፣ ቃላቱ ይለያሉ።

የሰማችኋቸው አልበሞች እንደሚመስለው በማሽን የተሞሉ አይደሉም። ከነዚያ ባንዶች አንዱ የሆነው ኢንክሬዲብል ስትሪንግ ባንድ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ቼልሲ ውስጥ ሳውንድ ቴክኒክስ ስቱዲዮ፣ በጆ ቦይድ ፕሮዲዩሰርነትና በጆን ዉድ ቀራጭነት ሲሠራ እንግዳ ቀለሙን በብዛት ያመጡለት የዓረቡ ኡድ፣ የሕንዱ ሲታርና የሞሮኮው ጊምብሪ የተባሉ የክር መሣሪያዎች ነበሩ። እናንተ ማሲንቆና ዋሽንት አላችሁ። ከስምንቱ ዘፈን በስምንቱም ኤኮ መጫን አያስፈልግም።

ለመገልበጥ ክራሩን ምረጡ። ክራር ሲነካ ድንገት ጮሆ ቀስ ብሎ ይጠፋል፣ ሲገለበጥ ደግሞ ቀስ ብሎ አብጦ ይቆረጣል፤ ለውጡ ግልጽ ነው። ማሲንቆ በደጋን ስለሚጎተት ሲገለበጥ ብዙም አይለይም፣ ልፋታችሁ ይባክናል። ዜማው እንዲቀር ከፈለጋችሁ ክራሩን ሳይሆን ሪቨርቡን ብቻ ገልብጡ። የትራኩን ቅጂ ገልብጡ፣ 2 ሰከንድ ሪቨርብ ጨምሩ፣ ደረቁን ክራር ሳታካትቱ ሪቨርቡን ብቻ እንደ አዲስ ፋይል አውጡ፣ እሱን መልሳችሁ ገልብጡና ከዋናው ሥር አስቀምጡ። እብጠቱ ኖታው ከመነካቱ በፊት ይመጣል። ቀድሞ የሚሰማው መጪው ኖታ ስለሆነ የአንቺሆዬው ግጭት እዚህም አለ፤ ረጅም ዝምታ ቀድሞት ከሚመጣ ኖታ ፊት ብቻ አስገቡት።

ካሴቱ ለኤኮ አይሆንም። በአብዛኛው የቤት ቴፕ ላይ ቀራጩም አጫዋቹም አንድ ሄድ (ቴፑን የሚነካው ማግኔታዊ ክፍል) ስለሆነ እየቀረጸ መልሶ ማሰማት አይችልም። ለቀለም ግን ይሆናል፦ ደረቁን ክራር ቴፑ ላይ ቀርጻችሁ ወደ ኮምፒውተር መልሱት። መቅረጹም ማጫወቱም በዚያው ቴፕ ይሁን፤ ሁልጊዜ በ3 በመቶ የሚፈጥን ማሽን ቢሆን እንኳ ስሕተቱ ይጣፋል። ሌላ ቴፕ ላይ ካጫወታችሁት ግን ያ 3 በመቶ የግማሽ ድምፅን ግማሽ ያህል ያዛንፋል። ድምፁ የሚዋልል ከሆነ ቀበቶውንና የጎማ ሮለሩን እዩ፤ ሄዱን በአልኮል፣ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ወደ ቴፑ ከመቅረጻችሁ በፊት፣ በኋላ ከዋናው ጋር ለማገጣጠም፣ ዘፈኑ መጀመሪያ ላይ አንድ፣ መጨረሻ ላይም አንድ ጭብጨባ አስገቡ። ሁለተኛው ጭብጨባ ከዋናው ጋር ካልገጠመ ትራኩን በአራት በአምስት ቦታ ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ቦታው ግፉት፤ ኮምፒውተሩ በሙሉ እንዲለጥጠው አታድርጉ፣ የክራሩን አነካክ ያደበዝዘዋል።