ወይን ጠጅ ጠማቂ ለመሆን በየትኛው በር ልግባ?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወይን ጠጅ ጠማቂ መሆን እፈልጋለሁ። አገራችን ውስጥ ያሉት ድርጅቶች ግን በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ቤተሰቦቼ «ሥራ በሌለበት ሙያ ምን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል። ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ለወይን ቅምሻ ኮርስ ላውለው ወይስ የላብራቶሪ ሥራ ልፈልግ?

መልስ፦ ገንዘብሽን ለጊዜው አቆይው፤ ላብራቶሪ ግቢ።

የቤተሰቦችሽ ስጋት ትክክል ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚያመርቱት አዋሽ ወይን ጠጅና በባቱ (ዝዋይ) ያለው ካስቴል ናቸው። ካስቴል የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። የዋና ጠማቂነት ወንበር በአንድ ድርጅት አንድ ብቻ ነው፤ የሚለቀቀውም ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ የምትይዥው ሙያ ወንበሩ እስኪለቀቅ የሚያኖርሽ መሆን አለበት። አሲድ፣ ስኳር፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ረቂቅ ተሕዋስያንን በትክክል የምትለካ ልጅ ቢራ ፋብሪካም፣ ጭማቂ ማምረቻም፣ ወተት ማቀነባበሪያም ይፈልጓታል። ቅምሻ ብቻ የምታውቅ ልጅ ግን ምርጫዋ ሆቴልና ሽያጭ ነው።

ሽያጩን አሳንሼ አይደለም። የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለተከለከለ፣ ደንበኛው ስለ ወይኑ የሚሰማው ከአስተናጋጁ አፍ ነው፤ በቂ እውቀት ያለው አስተናጋጅ ዋጋው ከፍ ብሏል። ለዚህ መንገድ የደብልዩ ኤስ ኢ ቲ (WSET፣ ስለ ወይንና መጠጥ የሚያስተምር የእንግሊዝ ተቋም) ኮርሶች ይጠቅማሉ። ሁለተኛው ደረጃ 28 ሰዓት ያህል፣ ሦስተኛው 84 ሰዓት ያህል ጥናት ይጠይቃሉ። ሆኖም ወይን መለየትንና መግለጽን እንጂ መጥመቅን አያስተምሩም። አንቺ የጠየቅሽው መጥመቅን ነው።

አሁን ወደ ኬሚስትሪሽ። በሞቃት አካባቢ የበቀለ ወይን ትልቁ ችግሩ ስኳሩ ሲወጣ አሲዱ መውረዱ ነው። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ፍሬው ማሊክ አሲዱን በትንፋሹ ያቃጥለዋል፤ ፒኤቹም (ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ መቀነሱን የሚያሳየው ልኬት) ከ3.7 በላይ ይሻገራል። ባቱ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗ ሌሊቱን ስለሚያቀዘቅዘው ይረዳል፣ ግን ችግሩን አያጠፋውም። ይህ ለምን እንደሚያስፈራ በቁጥር እይው። ወይኑን ከባክቴሪያ የሚጠብቀው ሞለኪውላዊ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዲሆን ከፈለግሽ፣ ፒኤች 3.3 ላይ 16 ሚሊ ግራም ነፃ (ከሌላ ነገር ጋር ያልታሰረ) ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይበቃሻል፤ ፒኤች 3.8 ላይ ግን 49 ያስፈልግሻል። ይህን ያላሰላ ሰው «ሁልጊዜ የምንጨምረውን ያህል ጨምረናል» ብሎ ይተኛል፤ ታንኩ ግን ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። ስሌቱም ከባድ አይደለም፦ ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት 57 በመቶ ገደማው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስለሆነ፣ 1,000 ሊትር ላይ 30 ሚሊ ግራም በሊትር ለመጨመር 52 ግራም ትመዝኛለሽ። ከተጨመረው ከፊሉ ወዲያው ስለሚታሰር በማግስቱ ነፃውን እንደገና ትለኪያለሽ። ሁለተኛው ልኬት ነው ብዙ ቦታ የሚዘለለው።

እስክትመረቂ ድረስ በዲፓርትመንትሽ ፈቃድ አንድ ትንሽ ሙከራ ሥሪ። 10 ኪሎ ጥቁር ወይን፣ 20 ሊትር የሚይዝ ለምግብ የሚሆን ባልዲ፣ ሃይድሮሜትር፣ ቴርሞሜትርና ፒኤች ሜትር ይበቁሻል። የገበያው ወይን ለመብል የተመረጠ ስለሆነ ስኳሩ አብዛኛውን ጊዜ ለወይን ጠጅ ከሚፈለገው ከ22 እስከ 24 ብሪክስ (በመቶኛ የሚለካ ስኳር) በታች ነው፤ ለትምህርት ግን ይሆናል። የዘለላውን እንጨት ለቅመሽ አውጪ፣ ፍሬውን ጨፍልቂ፣ 0.9 ግራም ሜታባይሰልፋይት ጨምረሽ አሳድሪው። በማግስቱ 2.5 ግራም ደረቅ የወይን እርሾ በ25 ሚሊ ሊትር፣ 37 ዲግሪ በሆነ ውሃ ለ20 ደቂቃ አርሺ። ወደ ጭማቂው ከማፍሰስሽ በፊት የሁለቱን ሙቀት አቀራርቢ፤ ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ ከበለጠ እርሾው ደንግጦ ግማሹ ይሞታል። ከዚያ ሙቀቱን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ጠብቂ። ወደ ላይ የሚንሳፈፈውን ልጣጭ በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ታች ድፈቂው፤ ከደረቀ የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል። ጠዋትና ማታ እፍጋቱን (ሃይድሮሜትሩ የሚያሳየውን፣ ስኳሩ ሲያልቅ የሚወርደውን ቁጥር) እና ሙቀቱን መዝግቢ። መብላላቱ ገና በጅምሩ ሳለ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ እርሾው ናይትሮጅን ርቦታል ማለት ነው፤ ጠረኑ በተሰማሽ ቀን ትንሽ ዳይአሞኒየም ፎስፌትና አየር ስጪው። እፍጋቱ ከ0.998 በታች ወርዶ ሦስት ቀን ካልተነቃነቀ አልቋል።

ከዚህ ሁሉ የሚፈለገው ወይኑ ሳይሆን መዝገቡ ነው። ሰዓት፣ ሙቀት፣ እፍጋት፣ የተጨመረው ነገር በግራም፣ ያየሽውና ያሸተትሽው፤ የተሳሳተው ቁጥርም በአንድ መስመር ተሰርዞ እንጂ በፍሉድ ሳይጠፋ። ይህን ደብተር ይዘሽ ቃለ መጠይቅ ብትቀርቢ፣ ከአሥር የምስክር ወረቀት ይልቅ ስለ አንቺ ይናገራል።

ቃለ መጠይቁ ላይ ልትጠየቂ የምትችይው ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ «እፍጋቱ 1.010 ላይ ሁለት ቀን ቆመ። ምን ታደርጊያለሽ?» ብዙ ተመራቂ «እርሾ እጨምራለሁ» ይላል። ስህተት ነው። መጀመሪያ ልኬቱን በሌላ መሣሪያ ታረጋግጫለሽ፤ ቀጥሎ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ወጥቶ እንደነበር መዝገቡን ታያለሽ፤ ከዚያም ተናኝ አሲዱን (በዋናነት የኮምጣጤውን አሲድ) ትለኪያለሽ። አልኮል በበዛበት ደረጃ ላይ የሚጨመር ናይትሮጅን እርሾው ስለማይወስደው ለባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል። አዲስ እርሾ ካስፈለገም የቆመውን ወይን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርሽ አልኮሉን አለማምደሽው ነው እንጂ፣ በቀጥታ ብታፈሺው ታንኩ ውስጥ ይሞታል።

ስለ ደኅንነትም ሳልነግርሽ አላልፍም። በመብላላት ላይ ያለ ወይን የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ወይኑ ወጥቶ ባዶ በሆነ ታንክ ግርጌም ተኝቶ ይቆያል። ኦክስጅኑ በመሣሪያ ተለክቶ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ማንም አይገባም፤ የወደቀን ሰው ለማውጣት ተከትሎ የገባም አብሮ ይሞታል። አለቃሽ «ቶሎ ግቢና እጠቢው» ቢልሽ እንኳ እምቢ በይ።

አንድ ሌላ በር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፦ እርሻው። ከምድር ወገብ ብዙም በማይርቅ ቦታ እንደ አውሮፓ ያለ የብርድ ወቅት ስለሌለ የወይኑ ግንድ እንደ አውሮፓው አያንቀላፋም። የመከሩን ቀን የሚወስነው ቅርንጫፉ የሚገረዝበት (የሚቆረጥበት) ቀን ነው፤ ከገረዛ እስከ ለቀማ ከአራት እስከ አምስት ወር ይፈጃል። የተሳሳተ ሳምንት ላይ ከተገረዘ ፍሬው የሚበስለው ዝናብ ላይ ይሆናል፤ ልጣጩ ይሰነጠቃል፣ ሻጋታ ይገባዋል። ቡቃያው እኩል እንዲፈነዳም ሃይድሮጅን ሳያናማይድ ይረጫል። ይህ ኬሚካል መርዛማ ነው፤ በነካሽው ሰሞን አልኮል መቅመስ ራሱ ያሳምማል፣ ስለዚህ የርጭት ሠራተኛ ለቀናት ከቅምሻ ክፍል ይርቃል። በውጭ ያሉት ታዋቂ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በዋናነት ቀዝቃዛ ክረምት ስላለው አገር ነው። የስምጥ ሸለቆውን አፈር፣ ዝናብና የገረዛ ቀን አምስት ዓመት መዝግቦ የያዘ ሰው ከውጭ በሚመጣ ባለሙያ አይተካም። ኬሚስትሪ ይዘሽ እርሻውን ብትለምጂ የሁለቱ ድልድይ ትሆኛለሽ።

የማስተርስ ትምህርቱ ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ ይሁን። በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ፣ በፈረንሳይ ሞንፔልዬ የሚጀመረው ቪኒፌራ ዩሮማስተር ጥሩ ናቸው፤ የሁለተኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ለውጭ አገር የመከር ሥራ አስቀጥራለሁ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅሽን ደላላ ግን አትመኚ። ከድርጅቱ ራሱ በቀጥታ ያልመጣ ውል ውል አይደለም።

ለማመልከትም ጊዜውን ምረጪ። የሰው ኃይል ክፍሉን ከመጠየቅሽ በፊት የእርሻ ክፍሉን «ዘንድሮ የምትገርዙት መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ አራት ወር ተኩል ቁጠሪ፤ ያ መከሩ ነው፣ ላብራቶሪው ተጨማሪ እጅ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። ማመልከቻሽ ከመከሩ ሁለት ወር ቀድሞ ይድረስ፤ «ለመከሩ ወራት በጊዜያዊነት» ብለሽ ጻፊ፣ የሙከራውን መዝገብ ሁለት ገጽ ኮፒ አድርገሽ አያይዥበት።