የድሮ ሱቆች ለምን ጠበቡ?

ጥያቄ፦ በድሮ የከተማ ፎቶዎች ላይ ሱቆቹ አንድ ጎዳና ላይ ተጣብቀው፣ ፊታቸው ጠባብ ወደ ውስጥ ግን ረጃጅም ናቸው፣ ለምንድነው?

መልስ፦ ብዙ ቦታ አንዱ ምክንያት ትራሙ ነው፣ ማለትም ጎዳና ላይ በተዘረጋ ሀዲድ ሰው የሚያመላልሰው የከተማ ባቡር። በ1888 እ.ኤ.አ ኢንጂነር ፍራንክ ስፕራግ አሜሪካ ሪችመንድ ላይ የኤሌክትሪክ ትራም ካስጀመረ በኋላ በፈረስ የሚጎተተው እየቀረ መጣ፣ ሰውም ከመሀል ከተማ ርቆ መኖር ቻለ፣ ማታ ፌርማታ ላይ ወርዶ አስቤዛውን ሸምቶ በእግሩ ቤቱ ይገባል። ነጋዴው ሁሉ ሀዲዱ ዳር ካልሆንኩ ሲል ቦታው ተወደደ፣ የሱቁ ፊት ጠበበ። በሩ ማዕዘኑ ላይ በሰያፍ የተቆረጠ ህንፃ አይተሽ ይሆናል፣ ከሁለቱም ጎዳና ደንበኛ ለመሳብ ነው (እኔ በጣም ነው የምወደው)። በኋላ መኪና በዛ፣ ሀዲዱ ተነቀለ፣ አስፋልቱ ሲሰፋ የእግረኛው መንገድ ተቆረሰ፣ ፓርኪንግ የሌለው ሱቅም ደንበኛው ሄደበት።