የድሮ ባልደረባን መጠየቅ ልመና አይደለም

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን የሥራ ልብስ ስፌት ከፍተሽ «ለድሮ ባልደረቦቼ ብደውል ነውር ይሆንብኝ ይሆን?» ብለሻል። በፍጹም! ካልነገርሻቸው በምን ያውቃሉ? ብቻ «ግዙኝ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ምክር ጠይቂ። እኔ አንድ ቱታ ይዤ የድሮ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። ገለበጠና የብብቱን ስፌት በሁለት እጁ ሳብ አደረገው። ተተረተረ። «እዚህ ጋ ድርብ ስፌት ያስፈልጋል» አለኝ። አስተካክዬ ስመለስ ራሱ ከግዥ ክፍሉ ጋር አገናኘኝ። እዚያ መጀመሪያ የተጠየቅኩት ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥርና ደረሰኝ ነው፤ ቀድመሽ አዘጋጂ። «የሻይ» የሚባል ነገር ግን ለማንም እንዳትሰጪ፣ ያገናኘሽንም ሰው ታስጠይቂዋለሽ። ከተማችን የብርድ ልብሱም፣ የቢራውም ፋብሪካ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም አላት። የምታውቂያቸው ሰዎች ዛሬ የት የት እንደገቡ ጻፊና ነገ ጠዋት ለአንዱ ደውይ።